ሱባዔ፦ ብቻ መሆን የሚፈቀድልን ሰባት ቀን

አባቴ በሞተ በአራተኛው ወር ለጎረቤታችን እናት «ለአንድ ሳምንት ብቻዬን ገለል ልል ነው» አልኳቸው። የሚለቅሙትን ምስር አስቀምጠው አዩኝ። «ብቻህን? ማን አስቀየመህ?» ማንም እንዳላስቀየመኝ፣ ዝም ብዬ ጸጥታ እንደናፈቀኝ ነገርኳቸው። ይባስ ደነገጡ። «ሐዘን ላይ ያለ ሰው ብቻውን አይሆንም! እኔ ጋ እየመጣህ ቡና ጠጣ» አሉኝ። ያኔ ቃሉን ቀየርኩት። «ሱባዔ ልገባ ነው።» ፊታቸው ወዲያው ፈታ አለ። ጓዳ ገብተው በጨርቅ የተቋጠረ ቆሎ አመጡ። ከመቀነታቸው ሃምሳ ብር ፈተው ጨመሩበት። «ለጧፍ ትሆናለች። እኔንም በጸሎትህ አስበኝ።»

ነገሩ እኮ ያው ነው። ያም ሆነ ይህ አንድ ሰው ስልኩን ዘግቶ፣ ቤቱን ትቶ ለብቻው ይቀመጣል። የመጀመሪያው ግን ኩርፊያ ወይም በሽታ ተደርጎ ተቆጠረ፤ ሁለተኛው ክብር ሆነ። አሁን አሁን «ሪትሪት» የሚለው ቃል ከተማ ገብቷል፤ ሎጅ ተከራይቶ ለብቻ መሰንበት እንደ ዘመናዊነት ይታያል። ክፋት የለውም። ይሁንና ለዚሁ ጉዳይ የሚሆን ሥርዓት እኛ ዘንድ ድሮም አለ። እንዴት እንደተዋቀረ የተረዳ ሰው፣ አማኝ ባይሆን እንኳ፣ ብዙ ይወስድበታል ባይ ነኝ።

ሰው የማይለይበት አገር

ሐዘናችን የጋራ ነው። ድንኳን ይተከላል፣ እድሩ ወንበርና ድስቱን ያመጣል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል። ሐዘንተኛው ቢፈልግም ብቻውን አይተውም፤ ሌሊት እንኳ አጠገቡ የሚተኛ ሰው አይጠፋም። በእነዚያ ቀናት ይህ ሕይወት ያተርፋል። ችግሩ ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ይመጣል። ሰዉ ወደየሥራው ይመለሳል፤ «በርታ» የሚለው ቃል ብቻ ይቀራል። እኔ ቢሮ በርትቼ ዋልኩ፣ ታክሲ ውስጥ በርትቼ ተሳፈርኩ፣ ማታ ደግሞ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ስልክ አሸሁ። አራት ወር ሙሉ አንድም ቀን ስለ አባቴ በወጉ አላሰብኩም። ጊዜ ጠፍቶ አይደለም። ቦታ ጠፍቶ ነው።

«ሱባዔ» የግዕዝ ቃል ነው፤ ከሰባት ቁጥር የመጣ። አንድ ሱባዔ ሰባት ቀን፣ ሁለት ሱባዔ 14፣ ሦስት ሱባዔ 21 ቀን ነው። ሱባዔ የሚገባ ሰው መውጫውን ቆጥሮ ነው የሚገባው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

የቤተ ክርስቲያን መምህራን በሦስት ይከፍሉታል፦ የግል፣ የማኅበርና የአዋጅ። የአዋጁ አገር ሲጨነቅ የሚታወጅ ነው፤ የነነዌ ሰዎች ምሳሌ ይሆናሉ። የማኅበሩን ለማየት በነሐሴ መጀመሪያ ወደ ማንኛውም ደብር ጎራ ማለት ይበቃል። በፍልሰታ ጾም ግቢው በነጠላ ነጭ ይሆናል፤ አንዳንዱ ከነሰሌኑ መጥቶ እዚያው ይሰነብታል። ሐዋርያት የእመቤታችንን ነገር ለማወቅ ሁለት ሱባዔ ያዙ የሚለው ትውፊት ነው መነሻው። የኔ ጉዳይ ግን የግሉ ነው። ሰው ለብቻው፣ በገዳም በዓት ወይም በገዛ ቤቱ በሩን ዘግቶ የሚይዘው።

መልኩ ይለያይ እንጂ ሙስሊሙም ያውቀዋል። በረመዳን የመጨረሻ አሥር ቀናት ኢዕቲካፍ የሚቀመጥ ሰው መስጊድ ገብቶ ከዓለም ጉዳይ ይለያል። ነቢዩ ሙሐመድም ወሕይ (መለኮታዊው መገለጥ) ከመምጣቱ በፊት በሒራ ዋሻ ብቻቸውን ይቀመጡ ነበር። ቤተ እስራኤሎችም እዚሁ አገር ሳሉ የራሳቸው መነኮሳት ነበሯቸው፤ በአይሁድ ዘንድ እምብዛም ያልተለመደ ነገር ነው።

ራሳችን ውስጥ ምን ይካሄዳል?

እንግዲህ ወደ ሳይንሱ ልምጣ። በእ.ኤ.አ. 2014 ቲሞቲ ዊልሰን የሚባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው አንድ ሙከራ አሳተሙ። ሰዎችን ባዶ ክፍል አስገቡና ያለ ስልክ፣ ያለ መጽሐፍ ለ15 ደቂቃ ከሐሳባቸው ጋር ብቻ እንዲቀመጡ አደረጉ። ክፍሉ ውስጥ ቀለል ያለ የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጥ ቁልፍ ነበር። ተሳታፊዎቹ ቀደም ብለው ቀምሰውታል፤ እንዳይደገምባቸው ገንዘብ ለመክፈል ሁሉ ፈቃደኛ ነበሩ። ታዲያ ብቻቸውን ሲሆኑ ከ18 ወንዶች 12ቱ፣ ከ24 ሴቶች 6ቱ ቁልፉን ራሳቸው ተጫኑት። መሰልቸት ከሕመም ይብሳል ማለት ነው፣ ቢያንስ ለወንዶቹ።

ለምን? አንዱ ምክንያት አእምሮ ሥራ ሲፈታ አለማረፉ ነው። በእ.ኤ.አ. 2001 ማርከስ ሬይክል የተባሉት የአንጎል ሐኪም ያስታወቁት ነገር አለ። ሰው ምንም ሳይሠራ ሲቀመጥ ደመቅ ብለው የሚሠሩ የአንጎል ክፍሎች አሉ፤ «ዲፎልት ሞድ ኔትዎርክ» ይሏቸዋል። ሥራቸው ስለ ራስ ማሰብ ነው። ያለፈውን ማንሳት፣ የሚመጣውን መገመት፣ «እሱ እንዲህ ሲለኝ እኔ እንዲህ ብለው ኖሮ» ማለት። ሳይጎዳ ሲሠራ ትዝታንና ኑሮን ያዋድድልናል። ሲበላሽ ደግሞ ያንኑ ነገር ማመንዠክ ይሆናል። ላም አመንዥካ ትውጣለች። የተጨነቀ ሰው አይውጥም።

ስለዚህ ጸጥታ ብቻውን መድኃኒት አይደለም። በሩን የሚከፍት ነው። በሩ ሲከፈት ማን እንደሚገባ ግን አይመርጥም።

በጎ ወገኑም ተጠንቷል። ለ15 ደቂቃ ብቻቸውን የተቀመጡ ሰዎችን የለኩ ጥናቶች ኃይለኛ ስሜቶች ሁሉ በረድ እንደሚሉ አሳይተዋል። ንዴቱም ይበርዳል፣ ደስታው ያመጣው መቅበጥበጥም ይበርዳል። ሉቺያኖ በርናርዲ የተባሉ ጣሊያናዊ ሐኪም ደግሞ ሙዚቃ በልብና በትንፋሽ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ሊያጠኑ ተነስተው ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። ሰዎቹን ከሁሉ በላይ ያሳረፋቸው በዘፈኖቹ መካከል ያስገቡት የሁለት ደቂቃ ዝምታ ነበር።

እኚሁ ሰው ቀደም ብለው በእ.ኤ.አ. 2001 ያወጡት ሌላ ጥናት የበለጠ ይገርመኛል። 23 ሰዎች የካቶሊኮቹን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን፣ ወይም የዮጋ ማንትራ ደጋግመው እንዲሉ አደረጉ። በሁለቱም ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ ስድስት ወረደ፤ በዚያ ፍጥነት ደግሞ የልብ ምትና የደም ግፊት ይስማማሉ። የእኛን መቁጠሪያ የለካው ሰው አላጋጠመኝም። ግን 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ሲባል የሰማ ሰው ትንፋሹ ምን እንደሚሆን ያውቀዋል። አማኙ ለምሕረት ይላታል፤ ሳንባው የራሱን ሒሳብ ይሠራል። ሁለቱ የሚጣሉበት ምክንያት አይታየኝም።

ዛፍም የራሱ ድርሻ አለው። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 38 ሰዎችን ለ90 ደቂቃ አስኬዱ። ግማሹ ዛፍና ሣር ባለበት፣ ግማሹ መኪና በሚበዛበት አውራ ጎዳና ዳር። ዛፍ ውስጥ የሄዱት ያን ማመንዠክ ቀነስ አደረጉ፤ ከእሱ ጋር የተያያዘው የአንጎል ክፍልም ረገብ አለ። የሰሜን ኢትዮጵያን መሬት ከአውሮፕላን ያየ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። እርሻው ሁሉ ተመንጥሮ እዚህም እዚያም ክብ ክብ ደን ይታያል። መሃሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ።

ሦስተኛው ቀን፣ ስድስት ሰዓት

የሄድኩበትን ገዳም ስም አልጠራም፤ እንግዳ ማረፊያው ስድስት ሰሌን ብቻ ነው የሚያነጥፈው።

የመጀመሪያው ቀን ራሴን ፈለጠኝ። አጠገቤ የነበረው ወጣት «ፈተና ነው» አለኝ። ፈተና አልነበረም። ቡና ነው። በቀን ሦስት ስኒ የለመደ ሰው ድንገት ሲያቆም ራስ ምታቱ በአንድ ቀን ውስጥ ይጀምራል፤ ሁለት ቀን ያህል ይብሳል፣ አንዳንዱን ሳምንት ይቆየዋል። ልትሄዱ ያሰባችሁ፣ ከሳምንት በፊት ጀምራችሁ ቀንሱ። ሁለተኛውን ቀን ተኛሁ። ከጸሎት መልስ ተኛሁ፣ ዳዊት ይዤ ተኛሁ። አባቶች አልተቆጡኝም፤ ከከተማ የመጣ ሁሉ እንደዚያ ነው መሰለኝ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ነው ጉድ የመጣው። ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ። ምግብ የሚቀመሰው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የወይራውን ጥላ አያለሁ፤ ጥላው አይንቀሳቀስም። አሁን ብወጣ የስንት ሰዓት አውቶቡስ እንደማገኝ ማስላት ጀመርኩ። ቢሮ የሚፈልጉኝ መሰለኝ። አህያ የሚነዳ ልጅ ሲያልፍ እንኳ እስኪሰወር ድረስ በዓይኔ ተከተልኩት።

በኋላ ሳነብ ይህ ነገር ስም እንዳለው አየሁ። በአራተኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሃ የኖረ ኢቫግሪዎስ የሚባል መነኩሴ «አኬዲያ» ይለዋል፤ የቀትር ጋኔን። ቀኑ 50 ሰዓት ይመስለዋል፣ በመስኮት ያያል፣ ሰው መጥቶ በሆነ ይመኛል፣ ለዘጠኝ ሰዓት ምን ያህል እንደቀረ ፀሐይቱን ይመለከታል ብሎ ጽፏል። ዘጠኝ ሰዓት! ፈረንጆቹ ይህን ሲያነቡ ሰዓቱን በእነሱ አቆጣጠር መተርጎም አለባቸው። እኛ ያው ዘጠኝ ሰዓታችን ነው፤ ምሳችንም ያው ያኔ ነው።

እንግዳ ተቀባዩ መነኩሴ በአጠገቤ ሲያልፉ አዩኝ። በሁለት እጃቸው ባዶ ጀሪካን ይዘዋል። «ምነው ልጄ፣ ዘጠኝ ሰዓት ራቀብህ?» አሉኝ። አፈርኩ። አንዱን ጀሪካን ሰጡኝና ወደ ምንጩ ወረድን። ደርሶ መልሱ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። አራት ጊዜ ተመላለስን።

በሦስተኛው ዙር የጀሪካኑን ክዳን ስከፍት ቁራጭ ፌስታል ተጠቅልሎበታል፤ ውኃው እንዳያንጠባጥብ። አባቴ እንደዚያ ያደርግ ነበር። ሰፈራችን ውኃ ሲጠፋ፣ ሌሊት ተነስቶ ሲቀዳ፣ ፌስታሉን በጥርሱ ቀዶ ክዳኑ ላይ ያጠብቀዋል። እዚያው ምንጩ ጋ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በቅዳሴ አልመጣልኝም፣ በዳዊት አልመጣልኝም። በፌስታል መጣ። አባ አይተውኛል። ምንም ሳይሉ ጀሪካናቸውን ተሸክመው ቀስ እያሉ ቀደሙ።

አጥሩ

ብዙ ጊዜ ያወጣሁ ያወረድኩት ይህንን ነው። ያ ልቅሶ ለምን እዚያ መጣ? ቤቴም እኮ ፌስታል አለ።

የመጀመሪያው ምክንያት ቀን መቆጠሩ ይመስለኛል። ሰባተኛው ቀን የታወቀ ስለሆነ ሦስተኛውን መታገስ ይቻላል። መጨረሻው የማይታወቅ ብቸኝነት ሌላ ነገር ነው። የእስር ቤት ቅጣት የሚሆነውም እሱ ነው። ሁለተኛው፣ መግባቴን የሚያውቅ ሰው መኖሩ። በሥርዓቱ ሱባዔ የሚገባ ሰው አስቀድሞ የንስሐ አባቱን ያማክራል፤ ለምን እንደሚገባ፣ ጤናው ይችል እንደሆነ፣ የት እንደሚሆን ይነጋገራሉ። ሱባዔው ቅድመ ሱባዔ (ዝግጅቱ)፣ ጊዜ ሱባዔ (ራሱ ቆይታው) እና ድኅረ ሱባዔ (ከወጡ በኋላ ያለው) አለው። ግራ የሚገባኝ ሰው ሁሉ መሃሉን ብቻ መውደዱ ነው። ድኅረ ሱባዔ መልሱን በትዕግሥት መጠበቅ ነው፤ ወጥቶ በማግሥቱ «ምንም አልተለወጠም» ብሎ የሚያማርር ሰው ሱባዔውን ገና አልጨረሰም።

ከዚያ መርሐ ግብሩ አለ። ደወሉ ያነሣሃል፣ ደወሉ ያስተኛሃል፤ አንተ የምትወስነው ነገር የለም። ከተማ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ የምንወስነው ነገር ብዛት አድካሚ መሆኑን ያወቅሁት እዚያ ነው። ምን ልብላ የለም፤ ዳቤና ቆሎ ነው። በመጨረሻም የእጅ ሥራ። ውኃ መቅዳት፣ ግቢ መጥረግ፣ እንጨት መሸከም። እጅ ሲያዝ ያ የሚያመነዥክ አእምሮ በልኩ ይያዛል፤ ሐዘን ሾልኮ የሚወጣበት ቀዳዳ ያገኛል። አጠገብህ ሰው አለ፣ ግን አያወራህም። እንዲህ ያለ ዝምታ ቤት ውስጥ ብፈልግ አላገኘውም።

የት?

«ጸጥታ» የሚለው ቃላችን ሁለት ነገር ያዝላል፤ አንዱ ዝምታ፣ አንዱ ደኅንነት። በዚህ ዘመን ሁለተኛውን ሳያጣሩ አንደኛውን ፍለጋ መንገድ መጀመር አይሆንም። ከአካባቢው የመጣ ሰው ጠይቁ፣ በዚያው ሳምንት።

ደብረ ሊባኖስ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ዓመት የመሠረቱት፣ ወንዱም ሴቱም የሚሄድበት። በዓል ሲሆን ግን ጸጥታ አትጠብቁ። በጣና የዘጌ ገዳማት በቡናና በትልልቅ ዛፎች ተከበዋል። ሴቶች አስቀድመው ይጠይቁ፤ እንደ ክብራን ገብርኤልና ደብረ ዳሞ ያሉት የወንድ ብቻ ናቸው። ሰበታ ያለው ጌቴሰማኒ ደግሞ የሴቶች ገዳም ነው። ገዳም የማይሆንለት ሰው መናገሻ ሱባ ደን ውስጥ ቢውል፣ ወንጪ ሐይቅ ዳር ቢያድር ክፉ አይደለም። አጥሩን ግን ራሱ ይሥራ፦ መውጫ ቀን፣ የሚያውቅ ሰው፣ ሰዓት፣ የእጅ ሥራ። ያለዚያ ሎጁ አልጋ ላይ ተጋድሞ ስልክ ማሸት ነው፤ እሱን ቤትም ነፃ ነበር።

መሄድ የማይችል ብዙ ነው። ሪያድ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ እህት ሰባት ቀን ከየት ታመጣለች? ዋሽንግተን ሁለት ሥራ የሚሠራውስ? የግል ሱባዔ በቤትም ይያዛል፤ ጥንትም ተፈቅዷል። በር ያለው ጥግ፣ የተወሰነ ሰዓት፣ ከክፍሉ ውጭ የቀረ ስልክ። ከላይ ያነሳሁት 15 ደቂቃም ቁም ነገር ነው።

ለማን አይሆንም?

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ራሴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ የሚመላለስበት ሰው፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማው ሰው፣ ብቻውን ዋሻ አይግባ፤ ሐኪም ጋ ይሂድ፣ ሰው ይቅረበው። ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት የአእምሮ ሕመም) ያለበትን ሰው እንቅልፍ ማጣት ብቻውን ሊቀሰቅስበት ይችላል፤ ሌሊት ሙሉ መቆም ለእሱ አይደለም። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጹም ሲል ሐኪሙን ሳያማክር አይሁን። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ አቁሞ ሰው በሌለበት ቢሰነብት ሊጥለው ይችላል።

መድኃኒት ማቋረጥ ደግሞ የጸና እምነት ምልክት አይደለም። የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን ለጸበል ብለው የተዉ ሰዎች በነበሩበት ጊዜ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ ብለው በይፋ ተናግረዋል። እኔ ያረፍኩበትም እንግዳ ተቀባዩ መጀመሪያ የጠየቁኝ «የምትውጠው ኪኒን አለ?» ብለው ነው። የጸሎት መጽሐፍ መያዜን የጠየቁት ቀጥለው ነው።

በሰባተኛው ቀን ወጣሁ። ስልኩን እንደዘጋሁት ይዤ ሰፈር ደረስኩ። የጎረቤታችን እናት በሩ ላይ ናቸው፤ ቆሎውን የቋጠሩበትን ጨርቅ አጥቤ መለስኩላቸው። እጄን ይዘው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እሺ፣ ምን ተገለጠልህ?» አሉኝ።

«ኧረ ምንም አልተገለጠልኝም እናቴ» አልኳቸው። «እንቅልፍ ግን ይወስደኝ ጀምሯል።»

«እና እሱን ማን የሰጠህ መሰለህ?» ብለው ቡናቸውን ሊያፈሉ ገቡ።